የጾም ቀን ኢንሱሊን

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ፋርማሲው ቦሌ ሩዋንዳ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ከአንድ ሕንፃ ሥር ነበር። ነጩ ጋዋኔን እናቴ ሆሳዕና አሰፍታ በካውያ ተኩሳ በአውቶቡስ ልካልኝ ስለነበር ሙሽራ መስዬ ነው የገባሁት።

የፋርማሲው ባለቤት አቶ ከድር ራሳቸውም ፋርማሲስት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸው ደግሞ ከቁመታቸው ያጥራል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ደንቡን ነገሩኝ።

«አስቴር፣ ማዘዣውን አንብቢ፤ መድኃኒቱን አውጪ፤ አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ ጻፊ፤ ቀጣዩን ጥሪ። እኛ ፋርማሲ ነን እንጂ ክሊኒክ አይደለንም።»

«እሺ» አልኳቸው። ያን «እሺ» ከረፋዱ አላሳለፍኩትም።

ረፋድ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ኢንሱሊን ሊገዙ መጡ። የስኳር ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። ወገባቸው ላይ ያለው ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለት ጫፉ ተንጠልጥሏል። ክሳታቸው ገና ከበሩ ነው የታየኝ።

«ይኼ መድኃኒት አልሠራ አለኝ» አሉ፣ ብልቃጡን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ እያቆሙ።

«አወጋጉ ገብቶዎታል?» ስላቸው ተቆጡ። «ዓመት አለፈኝ እኮ ልጄ» አሉኝ። ዝም ብዬ ልሸጥላቸው ነበር። ግን ያ ቀበቶ አላስቻለኝምና፣ «እስቲ እንዴት እንደሚቀዱ ያሳዩኝ» አልኩ።

ስሪንጁን አወጡ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ብልቃጡ ቆሞ ስለቆየ ከታች ነጩ ዘቅጧል፣ ከላይ ጠራ ያለው ቀርቷል። ሰውየው መርፌውን በጥንቃቄ ከላይ ካለው ከጠራው ላይ ብቻ ቀዱና በኩራት አሳዩኝ።

«ነጩስ?» አልኳቸው።

«የቱ ነጭ? አተላው?» አሉ። «አተላ እወጋለሁ እንዴ ልጄ። እሱን እደፋዋለሁ።»

ትምህርት ቤት ይህን አልነገሩኝም። መጽሐፉ «ሳይደባለቅ እንዳይወጋ» ይላል እንጂ፣ ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው የዘቀጠ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያስብ አይናገርም። ብልቃጡን በሁለት መዳፌ መሐል አድርጌ ቀስ አድርጌ አንከባለልኩት፤ ወተት መሰለ። «አተላ የመሰለዎት ዋናው መድኃኒት ነው። ሲደፉ የኖሩት እሱን ነው» አልኳቸው።

ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩና፣ «እንግዲያው ዓመት ሙሉ የወጋሁት ምኑን ነው?» አሉ።

«አብዛኛውን ውኃውን።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ፤ ሁለቱ ግን ሰዓታቸውን እያዩ ወጥተው ሄዱ። አቶ ከድር ከጠረጴዛቸው ሆነው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ማታ ልንዘጋ ስንል ጠሩኝ።

«ሁለት ሰው ጥሎን ሄደ» አሉ።

«አዎ።»

«ሰውየውስ ይመለሳሉ?»

«ይመለሳሉ።»

«ይሁን» አሉና መብራቱን አጠፉ። የአቶ ከድርን ቋንቋ ስለምድ ነው ያ «ይሁን» ትልቅ ምስጋና እንደነበር የገባኝ። በሳምንቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀመጡልኝ። ስለሱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ «ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። ይሉኝታ ባለበት አገር ሰው ነጭ ለባሽ ፊት ቆሞ «አልገባኝም» አይልም። «ያሳዩኝ» እላለሁ። «ያሳዩኝ» ያላሳየኝ ነገር የለም። በሸሚዛቸው ላይ የሚወጉ አይቻለሁ። መርፌ የለመደው ቦታ አያምም ብለው ዘወትር አንድ ቦታ እየወጉ ሆዳቸው ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ያበቀሉ አይቻለሁ። አንዱ ነጋዴ ደግሞ ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ከበሬ ሥጋ ጋር አስቀምጦ ድንጋይ የሆነ ብልቃጥ አመጣልኝና፣ «ቀዝቃዛ ቦታ ብለሽኝ የለ? ከዚህ የበለጠ ከየት ላምጣ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዬዋለሁ። አሁን «ፍሪጅ በሩ ላይ፣ እንቁላል ከሚቀመጥበት አጠገብ» እላለሁ።

ይህን ሁሉ በብዙ ዓመት ሥራ ያየሁ ሰው፣ ስለ ስኳር ሕመምተኛ የማላውቀው የለም ብዬ በተዝናናሁበት ጊዜ ነው እትዬ ዘነበች ችግራቸውን ይዘው የመጡት።

እትዬ ዘነበች ጥልፍ ሠሪ ናቸው። ከፋርማሲያችን ትይዩ ባለው የሐበሻ ልብስ ስፌት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀምጠው የቀሚስ ደረትና እጅጌ ይጠልፋሉ። ከሲኤምሲ ድረስ ሙሽሮች በስማቸው ይመጡ ነበር። ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጠዋት በታክሲ መጥተው ማታ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው እጃቸውና ዓይናቸው ነው።

ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ፊት ቀዩን ክር ከብርቱካናማው መለየት አቃታቸው፤ ቀጥሎ መርፌ የሚሰካላቸው ሰው መለመን ጀመሩ። የዓይን ሐኪሙ «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው፤ ግን ስኳርዎ ካልወረደ አልነካዎትም። ቁስሉ አይድንልኝም» ብሎ ቀጠራቸው። ቀጠሮው ሲደርስ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘና መለሳቸው። ለሁለተኛ ጊዜም መለሳቸው። የዚያን ቀን ፋርማሲያችን ገብተው፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

«መስኮቷ ሥር ሌላ ልጅ አስቀምጠዋል» አሉኝ። «ለጊዜው ነው ይሉኛል። እኔ ለጊዜውን አውቀዋለሁ።»

አሳዝነውኝ ነበር፣ ደግሞም እልህ ያዘኝ። «ያሳዩኝ» አልኳቸው። አሳዩኝ። እንዲህ ያለ አወጋግ አይቼ አላውቅም። መርፌ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፤ ዓይናቸው ባይረዳቸው እንኳ ልካቸውን ልጃቸው በስሪንጁ ላይ በጥቁር ቀለም አስምራላቸዋለች። ብልቃጡ ጊዜው አላለፈበትም። ፍሪጁንም ጠየቅኩ፤ በሩ ላይ ነው። የስኳር ሐኪማቸው ሁለት ጊዜ መጠኑን ጨምሮላቸዋል። ስኳሩ ግን አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ጣሪያ ይነካል። ልጃቸው ተደብቀው ጣፋጭ ይበላሉ ብላ ጠርጥራ ቁም ሣጥናቸውን ሁሉ ፈትሻለች። እትዬ ዘነበች በዚህ ክፉኛ ተቀይመዋል።

ነገሩ የተገለጠው ረቡዕ ቀን ነው። ሊለኩ መጡ፤ ጣታቸውን ወጋሁ፤ ማሽኑ ያሳየው ቁጥር ደስ አይልም።

«ዛሬ ጠዋት ስንት ወጉ?» አልኳቸው።

«ዛሬማ ረቡዕ ነው» አሉኝ።

«ረቡዕ ቢሆንስ?»

ሕፃን እንዳናገረቻቸው ሁሉ በትዕግሥት፣ «ጾም ነው ልጄ» አሉ።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ድሮ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበሩ። ኢንሱሊን ከበሬና ከአሳማ ቆሽት እንደሚወጣ በዓይናቸው ካርቶኑ ላይ አንብበው ነግረዋቸዋል። ሰውየው አልዋሹም፤ በሳቸው ዘመን እንደዚያ ነበር። ስለዚህ እትዬ ዘነበች ኢንሱሊን ከያዙ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ አይወጉም፤ ሁዳዴ ሲገባ ጭራሽ ያቆማሉ። ሐኪሙ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ሲላቸው «አዎ» ይላሉ፤ በፍስኩ ቀን ይወስዳሉና ውሸትም አልመሰላቸው። ያን ጊዜ ነው ሌላም ነገር ትዝ ያለኝ፤ እትዬ ዘነበች ሁዳዴ ሲገባ ከፋርማሲው ይጠፋሉ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ነው ብልቃጥ የሚገዙት።

«ቅቤ ያልነካ አፌን ጠብቄ፣ በሆዴ በኩል አሳማ ላስገባ?» አሉኝ።

የዛሬው ኢንሱሊን ከእንስሳ እንደማይወጣ አስረዳኋቸው። ፋብሪካ ውስጥ እንደ እርሾ ባለ፣ በዓይን በማይታይ ነገር እንደሚመረት ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው፣ «እወድሻለሁ ልጄ፣ ታውቂያለሽ። ግን አንቺ ጴንጤ ነሽ። በጾም ነገር እንዴት ልመንሽ?» አሉኝ።

«እኛም እንጾማለን እኮ» አልኩ።

«እናንተማ ሲያሻችሁ» አሉ።

ተናደድኩ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ከኋላዬ ያን ሁሉ ዓመት ትምህርትና ሥራ ይዤ፣ አንድ ብልቃጥ ማስወጋት አቃተኝ። ሦስተኛው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ጾሙን በሙሉ ሳይወጉ ከከረሙ ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ይመልሳቸዋል፤ መስኮቷ ሥር ያለችውም ልጅ እዚያው ትቀራለች።

አቶ ከድር ሁሉን ሰምተው ነበር። «ሴትየዋ የምትሰማው ማንን ነው?» አሉኝ።

«የነፍስ አባታቸውን።»

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እሑድ ከቸርቻችን ስወጣ ቀጥታ ወደ እትዬ ዘነበች ደብር ሄድኩ። ነጠላ የለኝም፤ ከካሸራችን ተውሼ ለበስኩ። አለባበሱን ስላላወቅኩበት በር ላይ አንዲት ሴትዮ ጎትተው አስተካከሉልኝ። አባ ወልደ ሰንበት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጺማቸው የነጣ፣ ፊታቸው ሳቅ የማያጣው አባት ናቸው።

«ዘነበች ነግራኛለች። ጴንጤዋ ፋርማሲስት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ስለ ጾም ልታስተምሪኝ መጣሽ?»

«አይ አባ። ስለ እርሾ ነው።»

ሳቁና ቦታ ለቀቁልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ድሮ ከእንስሳ ይወጣ እንደነበር አልደበቅኩም፤ ቢጠይቁኝና ብዋሽ ኖሮ የቀረውንም ባላመኑኝ ነበር። እሳቸው ግን ከእርሾው ይልቅ ሌላው ነገር አስደነገጣቸው።

«ይህን ያህል ዓመት አባቷ ስሆን መድኃኒት እንደምታቋርጥ አልነገረችኝም» አሉ። «መድኃኒት ምግብ ነው እንዴ? ጥንትም ቢሆን ብትጠይቀኝ ውሰጂ እላት ነበር። ሕመምተኛ ነሽና ጠዋት ቅመሺ ብያት እንኳ እንቢ ያለች ሴት ናት።»

«እንግዲያው ሌላ ችግር አለ አባ» አልኳቸው። «ይህ መድኃኒት ስኳር ያወርዳል። ጠዋት ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ካልቀመሱ ስኳራቸው ከልክ በታች ይወርድና ራሳቸውን ይስታሉ። ሐኪሙ መጠኑን ለጾሙ ማስተካከል አለበት። ከዚያም በኋላ ቢወርድባቸው ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ስኳር መጠጣት አለባቸው።»

አባ ትንሽ አሰቡ። «እነግራታለሁ» አሉ። «ግን አውቃታለሁ፤ የዚያን ሰዓት እንቢ ትልሻለች። ደውዪልኝ። ቅዳሴ ላይ ከሆንኩ ግን አላነሳም።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፤ «የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። እኔ የምጠራት በሱ ነው። ከቸገረሽ በሱ ጥሪያትና አባትሽ አዝዟል በያት። የኔ ቃል እንደሆነ ታውቃለች።»

እቤቴ እስክደርስ ስሙን ስደጋግመው ሄድኩ።

አባ ነገሯቸው፤ እትዬ ዘነበችም አመኑ። እኔ ደግሞ በታክሲ ተሳፍሬ ቡልቡላ ድረስ ሄጄ፣ ልጃቸው ባለችበት፣ «ሰኞ ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክል የጾም ቀን ጠዋት እንዳይጀምሩ» ብዬ አስጠነቀቅኩ። «እሺ» አሉኝ። የሳቸውም «እሺ» የኔን የመጀመሪያ ቀን «እሺ» ሆነና አረፈው። አባ ከፈቀዱ ምን እጠብቃለሁ ብለው ዓርብ ጠዋት ልጃቸው ሥራ ስትወጣ ሙሉውን ወጉ፤ ምንም ሳይቀምሱ በታክሲ መጥተው ስፌት ቤት ተቀመጡ።

ቀትር ላይ የስፌት ቤቱ ባለቤት ደግፎ ይዟቸው ገባ። ላብ አጥልቋቸዋል፤ ነጠላቸው አንገታቸው ላይ ተጣብቋል። እጃቸው፣ ያ የማይንቀጠቀጠው እጃቸው፣ ይርገፈገፋል። ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ጣታቸውን ወጋሁ። አርባ ስምንት። ሰባ እንኳ ዝቅ ያለ ነው።

«ስኳር» አልኩ። አቶ ከድር የሻያቸውን ስኳር ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው በውኃ በጥብጠው አመጡ። ወደ አፋቸው አስጠጋሁት። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሰዓቱ አልደረሰም» አሉ። ቃላቸው ይጎተታል።

«እትዬ ዘነበች፣ መድኃኒት ነው።»

«ስኳር ነው። ቅዳሴ አልወጣም።»

ለመንኳቸው። ልጃቸውን አነሳሁባቸው፣ ዓይናቸውን አነሳሁባቸው። አልሰሙኝም፤ ዓይናቸው ሩቅ ማየት ጀምሯል። መዋጥ ከማይችሉበት ደረጃ ከደረሱ ብርጭቆው ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ። ለአባ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። በጾም ቅዳሴ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። አቶ ከድር ስልካቸውን ይዘው አምቡላንስ እየጠሩ ነው። ፈራሁ። በዚህ ሥራ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ፊታቸው ተንበረከክኩና አገጫቸውን ይዤ ወደ እኔ አዞርኩት።

«ወለተ ሚካኤል» አልኩ።

ዓይናቸው ተመለሰ።

«ወለተ ሚካኤል፣ ጠጪ። አባትሽ አዝዟል።»

ትልቅ ሰው «አንቺ» ብዬ አላውቅም፤ እናቴ ብትሰማኝ በጥፊ ታጮለኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን እንደ ልጅ አፋቸውን ከፈቱ። በትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው። ግማሹ ጋዋኔ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ወረደ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ለካሁ፤ ወጥቷል። አሁንም ጨመርኩላቸው። ከዚያ ካሸራችን ያመጣችውን ዳቦ ሰጠኋቸው፤ እንቢ አላሉም።

ላቡ ሲደርቅላቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ ባያዩኝም።

«ይህን ስም ማን ነገረሽ?»

«አባ።»

«ለጴንጤዋ?»

«ለጴንጤዋ።»

«ጉድ ነው» አሉና ዳቧቸውን ቀጠሉ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት አቶ ከድር በመኪናቸው ወደ ስኳር ሐኪማቸው ወሰዱን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቅን ሰው። ነገሩን ጨርሰን ስንነግረው ወቀሳ ውስጥ አልገባም። የጠዋቱን መጠን በጣም ቀነሰው፤ ዋናውን ጾም ከሚፈቱበት ምግብ ጋር አደረገው። በየቀኑ ቀትር ላይ እኔ ጋ እንዲለኩ ሆነ፤ ከወሰንነው ቁጥር በታች ከወረደ ጾሙ እዚያው ይፈታል። ይህን የመጨረሻውን አባ በስልክ አጸደቁት። ስንወጣ ሐኪሙ የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና፣ «ጾም ሲቃረብ ደውዪልኝ። እኔ ክፍል ውስጥ የማልሰማውን አንቺ ባንኮኒው ላይ ትሰሚያለሽ» አለኝ። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን።

እትዬ ዘነበች ሁዳዴውን ጾሙት። ሁለት ቀን ብቻ ቀትር ላይ አስፈታኋቸው፤ ሁለቱንም ቀን ስም መጥራት አላስፈለገኝም። ቁጥራቸው በየሳምንቱ ወደ ልኩ እየተጠጋ ሄደ። ልጃቸው ቁም ሣጥን ስለፈተሸችበት ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ይቅርታውን የተቀበሉት ግን ትንሽ አንገላተው ነው። ከፋሲካ በኋላ ቀጠሯቸው ሲደርስ የዓይን ሐኪሙ እንዳይመልሳቸው ፈርቼ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለች። «ገብተዋል» አለችኝ። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

ረመዳን ሊገባ ሲል አቶ ከድር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «የናንተን ጾም አደላደልሽ። የኛዎቹስ?» አሉኝ። ኢንሱሊን ለሚወስዱ ደንበኞቻችን ሁሉ መደወል የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ሊገባ ሲል እንደውላለን፤ ትጾማላችሁ ወይ፣ ሐኪማችሁ ያውቃል ወይ እንላለን። አንድ ቀን ስልክ ላይ ብዙ ቆይቼ ስዘጋ፣ «እኛ ፋርማሲ ነን እንጂ ክሊኒክ አይደለንም ብለውኝ አልነበር?» ብዬ ነካኋቸው።

«አሁንም አይደለንም» አሉ። «ቀጣዩ ጋ ደውዪ።»

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው ብቻቸውን መንገዱን ተሻግረው የመጡበትን ጠዋት አልረሳውም። በሩ ላይ ቆመው ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«አስቴር ነሽ?»

«ነኝ።»

«ድምፅሽን ስሰማ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር የምትመስይኝ» አሉ። «ሽበትሽ ለካ እንዲህ ነው?»

ካሸራችን በሳቅ ወደቀች። አቶ ከድር እንኳ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረዋል። እትዬ ዘነበች ግን አልጨረሱም፤ ቀረብ ብለው የጋዋኔን ኪስ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ኪሱ ጫፉ ተቀዶ በሰማያዊ ክር ሰፍቼው ነበር።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«አውልቂው» አሉ። «በነጭ ልብስ ላይ ሰማያዊ ክር! እያየሁ ልዋል?»

ጋዋኔን ይዘው ሄዱ። በመስኮቱ ትይዩ አየኋቸው፤ ያቺ ልጅ ሌላ ወንበር ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች፣ እሳቸው መስኮቱ ሥር ናቸው። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ክሩን ራሳቸው ሰኩ። ማታ ሲመልሱልኝ ቅዳዱ የለም። በቦታው ላይ ከሩቅ የማይታይ ነጭ በነጭ ጥልፍ አለ፣ ቅጠል የያዘ ሐረግ። አቶ ከድር የሥራ ልብስ ላይ ጌጥ እንዲደረግ አይወዱም። ጋዋኑን አገላብጠው አዩት።

«ይሁን» አሉ።

ዛሬ ሲኤምሲ የተከፈተው ሁለተኛው ቅርንጫፋችን ኃላፊ ነኝ። ያን ጋዋን አሁንም እለብሰዋለሁ። አዲስ የተመረቁ ፋርማሲስቶች ሲመጡልኝ አቶ ከድር የነገሩኝን ደንብ እንዳለ እነግራቸዋለሁ፤ ወረፋ እውነት ነው፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ የራሴን እጨምራለሁ። ኢንሱሊን ስትሰጡ ያሳዩኝ በሉ። መቼ እንደሚበሉ ጠይቁ። የማንን ቃል እንደሚሰሙም ጠይቁ፤ ያ ሰው እናንተ ካልሆናችሁ ሂዱና እሱን አግኙት።